ቡድን አፍራሹ ጋሼ አስፋው

ጋሼ አስፋው መሞታቸውን የነገሩኝ አቶ ሰይፉ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ምሳ ልበላ ስቀርብ ስልኩ ጮኸ። «ተካልኝ፣ አስፋው ዛሬ ጠዋት ኤድመንተን አረፈ። ልብ ነው አሉ። አብሮት የሚኖረው ሰው ነው ኮል ያደረገልኝ። ሂሩት እስካሁን አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ አራት ሆነን እንሄድና እንነግራታለን። ሦስት ሆነናል፤ አራተኛው አንተ ነህ» አሉኝ። ሂሩት ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ነው የምትኖረው።

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምሳው አልወርድ አለኝ። በሽማግሌ! ጎህ ሲቀድ! ለዚያውም በእሳቸው ልጅ በር ላይ! ጋሼ አስፋው ይህን ቢሰሙ ከሬሳ ሳጥናቸው ቀና ብለው ይሰድቡን ነበር።

አሁን እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ሊል ነው። ውሸት ነው። ጋሼ አስፋው ደግ አልነበሩም። ሰው ይንቁ ነበር። ሱፐርቫይዘራችንን ይንቁ ነበር፤ በበረዶ ጊዜ በስኒከር የሚሄደውን ይንቁ ነበር፤ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፈውን ፈረንጅ ሁሉ ይንቁ ነበር። እኔንም ይንቁኝ ነበር። የኔን ንቀት ግን ለፍቼ ነው ያገኘሁት፤ እነግራችኋለሁ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አምስት ሆነን ስታዲየም እናጸዳ ነበር። ከተማው ያኔ አንድ ደመወዝተኛ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። ስሙን ብጠራውም የሚያስታውሰው ስለሌለ አልደክምም። ድንቄም ቡድን! ቅዳሜ ይጫወታል፣ ቅዳሜ ይሸነፋል፣ እሑድ ጠዋት እኛ መጥረጊያና ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ይዘን እንገባለን። ጋሼ አስፋው ተጫዋቾቹን «ሙሽሮቹ» ነበር የሚሏቸው። ነጭ ለብሰው ይገባሉ፣ ነጭ እንደለበሱ ይወጣሉ። «ከነሱ ማሊያ ይልቅ የኔ ቱታ ላብ አለው» ይሉ ነበር።

እሳቸው አዲስ አበባ እያሉ አንደኛ ዲቪዚዮን ያሠለጥኑ ነበር። ይህን ግን ከሳቸው አፍ አልሰማሁም፤ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። እዚህ ስለ ድሮ ማዕረጉ የማያወራ የቀድሞ ምንትስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ኮሎኔል ነበርኩ ይላል፣ አንዱ ዳይሬክተር። እሳቸው ዝም። የሚናገሩት ፊታቸው ስላለው ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሲሰድቡት።

ጨዋታውን አያዩም፤ ቅዳሜ ሌላ ሺፍት ነበራቸው። እሑድ ግን ከቆሻሻው ያነቡት ነበር። በሱፍ ፍሬ ቅርፊትና በቢራ ብርጭቆ መሐል እየሄዱ ጨዋታውን ይተርኩልናል። «እዚህ የተቀመጠው ሰውዬ ቢራውን ግማሽ አድርሶ ሄዷል። ከዕረፍት በኋላ ወዲያው ገብቶባቸዋል ማለት ነው።» ትንሽ ይሄዱና ደግሞ፣ «ይኸው፣ እዚህ ቅርፊቱ በአንድ ቦታ ተከምሯል። ሰው ጥርሱን ነክሶ ሲያይ ነው እንዲህ የሚቆረጥመው። አንድ ጎል አግብተው ነበር። ከዚያ ይኼ ሁሉ ወረቀት ተቀዷል፤ ሁለት ገባባቸው።» ማታ ሬዲዮ ስሰማ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ አገኘው ነበር። ጉድ ነው መቼም!

የዚያን ዓመት ከተማው የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። ቡድኑ ይፍረስና በወጣት እንደ አዲስ ይሠራ? ወይስ እዚህም እዚያም እየተጠገነ ይቀጥል? ጋዜጣው ይጠይቃል፣ ሬዲዮው ይጠይቃል። ክርክሩ የሚዞረው በካፒቴኑ ላይ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ በፋሻ የታሰረ ነው፣ ከባሕር ማዶ ትልቅ ስም ይዞ የመጣ ነው። ፎቶው አውቶቡስ ላይ ሁሉ ተለጥፏል። ፈረንጆቹ «ድሮ እኮ እንዲህ ነበር» እያሉ ይጠብቁታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ምን ያከራክራቸዋል?» ይሉ ነበር ጋሼ አስፋው፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው። «የዘመመን ቤት ቀለም ይቀቡታል እንዴ? ይፈርሳል! ሁለት ዓመት በድንኳን ይታደራል። ከዚያ ይሠራል።»

«ግን ጋሼ፣ ካፒቴኑ ስንት ያገለገለ ሰው…»

«ላገለገለው ይመስገን። ማመስገን ሌላ፣ ማሰለፍ ሌላ። አንተ ደግሞ ለማዘን ትቸኩላለህ።»

አንድ ቀን ብቻ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ኮሪደር እየወለወልን ነበር። አዲስ አበባ ቡድናቸው ሲያረጅ መጀመሪያ ያወጡት ታናሽ ወንድማቸውን ነው። እናታቸው ቤት፣ ምሳ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነገሩት። ወንድምየው ሳህኑን ግድግዳ ላይ ወረወረው። ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። «እናቴ አለቀሰች። እኔም ተመልሼ ብቻዬን አልቅሻለሁ» አሉ። «ግን ቡድን የሚያፈርስ ሰው የሚያፈርሰውን ሰው ዓይን ማየት አለበት። ማየት ካልቻለ አያፍርስ። ይተወው፣ ይሸነፍ።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ያልረሳሁት።

ሌላ ቀን አሠልጣኙ ራሱ በዚያው ኮሪደር መጣ። እርጥቡን ወለል ላለመርገጥ ቆመ። ቀልድ ማውራቱ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ አስፋውን «አንተስ ምን ላድርግ ትላለህ?» አላቸው። ጋሼ አስፋው ሞፑን ባልዲው ውስጥ አቆሙና ባላቸው እንግሊዝኛ መለሱለት፤ «ኦልድ ማን፣ አውት። ባት ዩ ቴል ሂም። ዩ። ኖት ፔፐር።» ሰውዬው ሳቀና ትከሻቸውን መታ አድርጎ ሄደ። ጋሼ አስፋው ትከሻቸውን አራገፉ። «ይኼ ወረቀት ነው የሚለጥፈው፤ ታያለህ» አሉኝ።

እንዳሉትም ሆነ። የውድድሩ ዘመን ባለቀ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ለመጪው ዓመት የሚቀጥሉት ስም ተጽፏል፤ የካፒቴኑ የለበትም። ቡድኑ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። አሠልጣኙ የለም፣ ማናጀሩ የለም፣ ማንም የለም። ካፒቴኑ ጫማውን ሊወስድ መጥቶ አነበበው። ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ አንዱን ባዶ። እኛ ደግሞ ወለሉን መጥረግ አለብን። እኔ ቀስ ብዬ ልወጣ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ጋሼ አስፋው ግን ኮፍያቸውን አወለቁና ፊቱ ቆሙ።

«ካፕቴን» አሉት። «ጉድ ፕሌየር። ቬሪ ጉድ። ናው፣ ፊኒሽ።»

እጃቸውን ዘረጉለት። ያ ትልቅ ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዘና አለቅም አለ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። ጋሼ አስፋውም አላስለቀቁትም። ስንወጣ፣ «በጋውን ሙሉ ስሰድበው ከርሜ የነገርኩት እኔ ሆንኩ! ያ ደመወዝ የሚበላው ወንድ አይደለም!» እያሉ ላስቲኩን በንዴት ጠቀጠቁት።

በተከታዩ ዓመት ቡድኑ በልጆች ተሠራ። አምስት ለባዶ፣ አራት ለባዶ ይሸነፋሉ። ጋሼ አስፋው ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሑድ ጠዋት ማሊያ የሚከመርበት ቅርጫት ጋ ሄደው ጭቃውን አይተው ይመለሳሉ። «ይኼው ወደቁ፣ ተነሡ። ሁለት ዓመት ጠብቁ» ይላሉ። ከተማው ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ተመልካቹ እየሳሳ ሄደ። ተመልካች ሲሳሳ ቆሻሻ ይሳሳል፤ ቆሻሻ ሲሳሳ ጠራጊ ይበዛል። የውድድሩ ዘመን አልቆ በበረዶው ወራት መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ እኔን ቢሮው ጠራኝ።

«ከአዲሱ የውድድር ዘመን ጀምሮ አራት ሰው ይበቃል። እንግሊዝኛ የምትችለው አንተ ነህ፣ ሰዎቹንም ታውቃቸዋለህ። ማን ሌይ ኦፍ ሆኖ ከሥራ እንደሚወጣ አንተ ምረጥና ንገረው። እስከ ዓርብ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። አያችሁ? እሺ።

መምረጡስ አላስቸገረኝም። ከአምስታችን ሁለቱ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው፣ አንዱ ወጣት ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ጋሼ አስፋው ስልሳ ሊሞላቸው ነው። እኛ ሦስት ረድፍ ስንጨርስ እሳቸው አንድ፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ብሎ የላይኛውን እኛ ነበርን የምንጠርግላቸው። እሳቸው ራሳቸው አሠልጣኝ ቢሆኑ ማንን እንደሚያወጡ አውቃለሁ። መንገር ነበር የቀረኝ። ማክሰኞ ልነግራቸው ስልክ አነሣሁ፣ ዘጋሁ። ረቡዕ እንደዚያው። ሐሙስ አቶ ሰይፉ ዘንድ ሄድኩ።

አቶ ሰይፉን ልንገራችሁ። የካልጋሪ ሐበሻ ሽማግሌ ሁሉ አለቃ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሚስት ይጠይቃሉ፣ መርዶ ያረዳሉ። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። «እንዴ! የስንት ዘመን ሰው ዝም ብሎ ‹ተባረሃል› ይባላል? ነውር ነው! እኛ እንነግረዋለን፣ በወጉ። ቅዳሜ ወደ ሺፍት ሳይወጣ ማለዳ እንደርሳለን። አንተ ንዳልን» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኔ ነኝ። ሌላው ይቅር፣ በማለዳ ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም አንድ ሐበሻ ምን እንደሚያስብ ከአራታችን አንዱ እንዴት አይታሰበው? ሦስት የተከበሩ ሰዎች! ስንት መርዶ ያረዱ! አይ ሰው።

ጋሼ አስፋው ያኔ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። በረዶ ላይ በረዶ ጥሏል። ሽማግሌዎቹን በር ላይ አወረድኳቸውና እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። «ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩ። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ነበር፣ ወሬው እንዳያመልጠኝ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ አስፋው ካልሲና የውስጥ ሱሪ ለብሰው፣ ጃኬታቸውን ደርበው ብቅ አሉ። ሦስቱን አዩ። ፊታቸው ወዲያው አመድ መሰለ።

«ማናት?» አሉ።

«እንደምን አደርክ፣ አስፋው» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ሂሩት ናት? ሂሩቴ ናት?» ሂሩት ያኔ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ነበረች፤ ወደዚህ ለማምጣት ፕሮሰሱን የጀመሩት ስንትና ስንት ዓመታቸው ነው። «ተናገሩ እንጂ! ልጄ ናት?»

«ኧረ ተረጋጋ፣ መጀመሪያ ወደ ቤት እንግባ» አሉ አቶ ሰይፉ። በለው! መርዶ ሲነገር የሚባለው ይኸው ነው እኮ! ሁለተኛው ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዙ። እሱም ያው ነው፤ ሰው እንዳይወድቅ ነው የሚያዘው። ጋሼ አስፋው ያን ጊዜ በጉልበታቸው በረዶው ላይ ወደቁ። «ልጄን! ልጄን! ሳላያት!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ጎረቤት መብራት አበራ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እየተተያዩ «ኧረ አይደለም፣ ኧረ ሥራ ነው፣ የሥራ ጉዳይ ነው» ሲሉ እሳቸው የሚሰሙ አልነበሩም። እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ሙቀቱ ተከፍቷል። ወርጄ «ጋሼ፣ ሂሩት ደኅና ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልወረድኩም።

በመጨረሻ ገባቸው። ከዚያ ተነሡ፣ በካልሲያቸው በረዶውን እየረገጡ ወደ መኪናው መጡ። መስኮቱን በጣታቸው መቱት። አወረድኩት።

«ውረድ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ…»

«ውረድና ንገረኝ።»

መሪውን ይዤ ቀረሁ። እግሬ እምቢ አለኝ ልበል? ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ጠበቁኝ። ጢማቸው ላይ እንባቸው መቀዝቀዝ ጀምሯል።

«ምርጫህ ልክ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እኔም ብሆን እኔን ነው የማወጣው። ግን ለአንድ መጥረጊያ ብላችሁ ልጄን ገድላችሁ አሳያችሁኝ። ለመጥረጊያ!» ከዚያ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዞረው ገቡ። ስንመለስ አቶ ሰይፉ «ያው በወጉ ተነገረው» ሲሉ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። አራት ከንቱ በአንድ መኪና!

በማግስቱ ለአዲሱ የውድድር ዘመን ልናጸዳ ስታዲየም ስንደርስ የሥራ ሰደርያቸው ታጥቦ፣ ጓንታቸው ታጥፎ መጥረጊያ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ አገኘነው። ወር ሳይሞላ ከተማውን ለቀው ኤድመንተን ገቡ። ቡድኑም ሁለት ዓመት አልጠበቀም፤ ባለቤቶቹ ሰለቻቸውና ዘጉት። ልጆቹ ገና ተግባብተው መጫወት ጀምረው ነበር።

ሂሩት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ ዘንድ ትንሽ ቆይታ፣ ሥራ እዚህ ስላገኘች ወደ ካልጋሪ ተዛወረች። ቸርች ስንገናኝ ትስምኛለች። ያንን ጠዋት አባቷ ነግረዋት አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳትም። ግን ኤድመንተን ደርሳ በተመለሰች ቁጥር አንድ ሰላምታ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። እየሳቀች፣ «ጋሽ ተካልኝ፣ አባባ ሰላም በይው ብሎሃል። ‹ያ ልጅ ከመኪናው ወረደ ወይ?› ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ። ምን ማለቱ ነው?» ትለኛለች።

«ቀልዳቸው ነው» እላታለሁ።

«ዘንድሮም ጠየቀኝ እኮ! ምን ልበለው?»

«ሰላም ብሏል በያቸው።»

ስንት ዓመት! አንድም ጊዜ ስልክ አንስቼ «ይቅርታ» አላልኳቸውም። እሳቸውም ጥያቄያቸውን አንድም ጊዜ አልረሱም። እንዲህ ያለ ንቀት አያልቅም፤ ደግሞም ሰውን ይህን ያህል ዓመት የሚንቅ ሰው፣ የናቀው ሰው ይለወጥ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያልቆረጠ ነው፤ ለዚህ ነው በየጊዜው የሚጠይቀው። ይህ የገባኝ ያን ቅዳሜ፣ ምሳዬ ፊት ተቀምጬ ነው።

ምሳውን ተውኩትና ለአቶ ሰይፉ ደወልኩ። «ነገ አልመጣም። ዛሬ፣ አሁን፣ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኳቸው።

«አብደሃል? ብቻህን? በጠራራ ፀሐይ? ነውር ነው!»

«ነውር ነው፣ አውቃለሁ» አልኩና ዘጋሁ።

ከምኖርበት ሰፈር ከኤሪን ውድስ ማርቲንዴል ድረስ ነዳሁ። ቤቷ ፊት ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ እጄ መሪው ላይ ነበር። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩና ወረድኩ።

ሂሩት በሩን ስትከፍት ሳቀች። አልደነገጠችም፤ በከሰዓት ብቻውን የመጣ ሰው መርዶ አይይዝም። «ጋሽ ተካልኝ! ምን እግር ጣለህ? ግባ፣ ብርድ ነው።»

ዓይኗን አየሁ። የአባቷ ዓይን ነው።

«ሂሩት፣ አባትሽ ዛሬ ጠዋት ሞቱ። ልባቸው ነው። ኤድመንተን።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መውደቅ ጀመረች። ይዤ አላቆምኳትም፣ አብሬያት ወደቅኩ እንጂ። ሽማግሌ ለምን ብዙ ሆኖ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አወቅኩ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ በሩ እንደተከፈተ፣ ብርዱ እየገባ፣ ደፉ ላይ ተቀምጠን አቅፌያት ቆየሁ። «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። እኔም አለቀስኩ። ለሷ ነው፣ ለሳቸው ነው፣ አላውቅም።

ብዙ ቆይታ ቀና አለች። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ብቻውን ይዞት አይመጣም፤ እሷም የኛው ልጅ ናት፣ ታውቃለች።

«ሌሎቹስ?» አለችኝ። «መኪና ውስጥ ናቸው?»

«የሉም» አልኳት። «መኪናው ውስጥ ማንም የለም።»